የአንበሳው ጎፈር

ክረምቱ ግም ሲል ሳሙና በር ወጥቼ፣
የደረሰኝን ዕቁብ ደረት ኪሴ ከትቼ፣
ከጎማ ቤት ቆምኩኝ።

ነጋዴው ፈገግ አለ፣ የወርቅ ጥርሱ በራ፤
«ይኸውልህ ወንድሜ፣ ጥቁር እንደ ቁራ!
ዛሬ የተፈታ፣ ሽታው ያልለቀቀ፣
አይተህ ታውቃለህ ወይ እንዲህ ያብረቀረቀ?»
ረዳቴ ይበልጣል በእጁ ዳሰሰና
«ጋሼ፣ እንውሰደው» አለኝ ቸኮለና።

እውነትም ያበራል።
ግን ለገበያ ስትወጣ
አሮጊት በቅሎም ትታጠባለች።

አምና፣ በቡሄ ማግሥት፣
ከኮሶዬ መታጠፊያ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣
ፍሬን ያዝኩኝ፤ አልያዘም፤ መኪናዋን ውኃ ተሸክሟት።
መሪው እጄ ላይ ቀለለ፣ እንደ ባዶ ሰፌድ።
ከኋላዬ አሥራ ሦስት ሰው፤ አንድ ቃል አልወጣም።
ከወንበር ሥር የታሰረች ዶሮ እንኳ
ያን ጊዜ ዝም አለች።
የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው ከገደል ያስቀረን።
ወርጄ ጎማዬን ባየው፣ ሙልጭ ያለ፣ የሕፃን ድድ፤
ጥርስ የሌለው ነገር እንዴት ይንከስ መንገድ?

ይህን እያሰብኩ ሳለ፣ ከማዶ ጎሚስታው፣ አስማረ እንዳለው፣
ከመነዳሪ በውኃ ነክሮ ቀዳዳ ሲያድን፣
ቀና ሳይል ጠራኝ፦
«ድቡልቡሉ ብር አለህ? አንበሳ ያለበት?
በጎማው ጥርስ መሃል ዘቅዝቀህ ስካበት።
ጎፈሩ ከጠፋ፣ ውኃው መውጫ አለው፤
ጎፈሩ ከታየህ፣ አንበሳው አንተን ነው የሚበላው።»

ሰካሁት።
አንበሳው ጎፈሩን አበጥሮ
አየኝ።

«ደሞ ጎኑን አንብብ፣ አራት ቁጥር አለ፤
ሁለቱ ሳምንት ነው፣ የቀረው ዓመት።»
አነበብኩ። መጨረሻው ዐሥራ አምስት።
ነጋዴው ዘለለ፤ «ይኸው! በለው ትናንት!»
ሽማግሌው ሣቀ።
«በማን ቆጠራ ነው? በእኛ ነው በፈረንጅ?
ሰባት ዓመት ሰርቆ አሮጊቷን ጎማ ያደርጋታል ልጅ!
ጎማ ጳጉሜን አያውቅም፤
መጋዘን ተኝቶም ማርጀቱ አይቀርም።
አውራ ጣትህን ጫን፤ እንደ ደረቀ ቆዳ ከገፋህ፣ ተወው።
ለወለቃ ጭቃ፣ ለኮሶዬ ጤዛ፣
ልቡ የለሰለሰ፣ ጥርሱ የራቀ ግዛ።»

ከሌላ ሱቅ አገኘን። አቧራ ለብሷል፣ አያበራም፣
አንበሳው ግን እስከ ዐይኑ ሰጠመ።
ብሩን ቆጠርኩት፤ ለሁለት ነው የሚደርስ።
ይበልጣል አኮረፈ፦
«በዚህ ብር እኮ ጋሼ፣ አራቱን ነበር የምንቀይር!
ሰው የሚያየው ውበት ነው፤ ቢያበራ ምን ነበር?»

የፊቶቹ ገና አንድ ክረምት ይችላሉ።
አዲሶቹን ከኋላ አሰረልኝ አስማረ፤
«ፊቷን በመሪ ትይዛታለህ» አለ፣
«ጅራቷ ስትሄድ ግን ማን ይመልሳታል?»
የሠራበትን ከፈልኩ። ለሻይ ብጨምርለት እንቢ አለ፤
«ለሳንቲሙ ነው?» አለኝ፣ «እሱ እኮ ያንተው ነው።»

የሐምሌ አቦ ማግሥት፣ ያው መታጠፊያ፣ ያው ጉም፣
ዝናቡ እንዳምናው ነው፣ ምንም አልቀነሰም።
በሬ ከፊቴ ገባ።
ፍሬን ያዝኩ።
ከሥሬ ሰማሁት፣ ጎማው ውኃ ሲያላምጥ፣
ግራና ቀኝ ሲተፋ፣ አስፋልቱን ሲጨብጥ።
ቆመች።
በሬው ጭራውን ወዝውዞ፣ ቀስ ብሎ አለፈ።

ጉቶው እዚያው አለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ የመኪናዬን ቀለም እንደያዘ።
ማንም አላየውም።
አንዷ ስልክ ታወራለች፤ አንዱ ያንኮራፋል፤
አንድ ሽማግሌ «ምን ታንቀራፍፈዋለህ? ገበያው ተፈታ!» ብለው ይቆጣሉ።
ይበልጣል ብቻ በመስኮት ወጣ ብሎ ጎማውን አየ፣
ከዚያ እኔን።
«ምን ሆነ?» አለችው ባለ ስልኳ።
«ምንም አልሆነ» አለ፤
ድምፁ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም።

ዳባት ስንደርስ፣ እኚያው ሽማግሌ መልሳቸውን ጠየቁ፣ አንድ ብር።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ያቺው ብቻ ናት፣
ጎፈሩ ላይ የጎማ ጥላሸት ያለባት።
«ይበልጣል» አልኩት፣
«ከሰው ዘርዝርና ስጣቸው።»