ጀልባው ይቅርና

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮሚናሉ ውስጥ፣
ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ነፋስ ሲሯሯጥ፣
አርባ ወንበር ተከራይቼ አሥራ ሰባት ሰው መጥቶ፣
ፕሮጀክተሩም ሳይሞቅ መብራቱ ጠፍቶ፣
ቆምኩኝ ፊታቸው ላይ ማርከር እንደ ዱላ ይዤ፣
ከሥልጠና ያመጣሁትን ጨዋታ በሆዴ አርግዤ።

የሠራሁት ድረ ገጽ የውሃ ፈረቃ ነው፤
የትኛው ብሎክ መቼ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያገኘው።
ስድስት ወር አምሽቼ፣ ዓይኔን አቅልቼ፣
የሚከፍተው ሰው ግን ብጠብቅ አጥቼ፣
«ምኑ ነው የከፋው?» ብዬ ስጠይቅ በር ለበር፣
«ጥሩ ነው፣ በርታ ልጄ» ይሉኛል፤ ይሉኝታ አለ በአገር።
በጨዋታ መሀል ግን ምላስ ይፈታል አሉ፤
እንግዲህ ልንጫወት ነው፣ አባወራው እማወራው ሁሉ።

ሰሌዳው ላይ ጀልባ ሣልኩ፤ ከታች ባሕር፣ መልሕቅ።
«ጀልባው ድረ ገጹ ነው፤ የያዘውን ጻፉ፣ ማንም እንዳይሳቀቅ።»
ዝም።
አንዱ ስልኩን፣ አንዷ ጣሪያውን አዩ፤
አቶ ደግፌ ግን ተነሥተው ሥዕሉ ፊት ቆዩ፦
«ልጄ፣ ውሃ ላጣ ሰፈር ባሕር መሣል ምን ይሉታል?
አጥፋውና አይሱዙ ሣል፤ ጭቃ ውስጥ የገባ፤ እሱ ያስማማናል።»

ሳቁ። የመጀመሪያው ሳቅ። ጀልባዬን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤
ያረጀ አይሱዙ ሥዬ፣ ጎማውን እስከ ወገቡ ጭቃ አደረግሁ።
ያን ጊዜ ወረቀቱ ዘነበ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፦
«ሳይከፈት ፓኬጄ አለቀ፤ ፎቶህ ይበላል እንዴ?»
«ፊደሉ ቁንጫ ነው።» «ኦሮምኛውስ የት አለ?»
«ማክሰኞ ነው ብሎኝ ባልዲዬ ደርቆ ዋለ።»
የዘይቱና ባለሱቋ ኮፈኑ ላይ ተለጠፈ፣ በደማቅ ቀይ፦
«መዘግየቱን እንችላለን፤ ውሸቱስ አይበቃም ወይ?»

ሁለተኛው ገበያ ነው። ቆርኪ አደልኩ፣ ለየሰው አሥር፤
ማሻሻያውን በካርቶን ጽፌ፣ ዋጋ ለጥፌ፣ በመስመር፦
ፊደል ማተለቅ ሦስት፣ ኦሮምኛው ሰባት፣
በአጭር መልእክት ማሳወቅ አሥራ ሁለት፤ ሰው ተሟግቶ የሚያዋጣበት።
ጭቅጭቁ ጋለ፣ ዕቁብ የፈረሰ ይመስል፤
ናሆም፣ የአሥረኛ ክፍሉ፣ «ጥቁር ገጽታ ይግባልን» እያለ ቆርኪ ሲያባብል።

ከበሩ አጠገብ ኡርጌ ቆማለች፣ ጄሪካኗ ከእግሯ ሥር፤
እስከ አራተኛ ፎቅ ውሃ የምታወጣ፣ በቀን ማን ያውቃል ስንት ዙር።
ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። አልጠራኋትም። ከዝርዝሬ የለችም።
«ለሷም ስጣት» አለች ዘይቱና። ቆርኪውን ተቀበለች፤ ግን ምንም አልገዛችም።

ቆይታ፣ «ገጽህ» አለች፣ «ለብሎክ አርባ ሦስት ውሃ መጣ ይላል አሉ፤
ምድር ቤት ነው የመጣው። ሦስተኛ ያሉት ቧንቧ ከፍተው አየር ይሰማሉ።
ብሎክ መቼ ይጠማል? የሚጠማው ፎቅ ነው፤
የቱ ጋ እንደሚቆም ጉልበቴ ነው የሚለካው።»
ቆርኪዎቿን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ እንደ ደረጃ፤
ምድር አምስት፣ አንደኛ ሦስት፣ ሁለተኛ ሁለት። ሠንጠረዤ አጣ ማስረጃ።
ከዚያ በላይ እጇ ባዶ ነበር።

«ይኼ ከተጻፈ ሥራሽ አይቀርም?» አላት አንዱ፣ ሊያሾፍ።
«ውሃው ሲወጣ ነው የሚቀረው» አለች፤ «መቼ ይወጣል ሲጻፍ።»

መብራት መጣ። ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ገጼን ዘረጋ፦
«ብሎክ 43፣ ውሃ አለ»፤ በደማቅ ሰማያዊ፣ ሳያፍር፣ ሳይሰጋ።

ሲበተኑ ቆርኪውን ብቆጥር አንድ ጎደለ፤
ምናልባት ናሆም ጋ ነው፣ ምናልባት ወንበር ሥር ወድቆ ዋለ።
ሰሌዳውን ስወለውል አይሱዙው ለቀቀ፤
የጀልባዬ መልሕቅ ግን እንቢ አለ፤ ቀለሙ ደረቀ።

ሰኞ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ «ፎቅ» የሚል፤ እስካሁን ባዶ።
ስድሳ አራት ደረጃ ቆጥሬ ወጣሁ፣ ትንፋሼ ሄዶ።