ጭልፊቱ ምን ይተንፍስ?

አዳና፣ ሐምሌ ነው፤ ጥላውንም ያልበዋል፣
አስፋልቱ ለስልሶ ጎማውን ይነክሰዋል።
ወደ ዱርሙሽ ጋራዥ አንድ መኪና አዘገመ፤
ጩኸቱ ቀድሞ ገባ፣ እሱ ኋላ ቆመ።
ሻሂን ነው፣ ነጭ ሻሂን፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣
ስሙ ጭልፊት ማለት፣ ክንፉን ዝገት የበላው።

ቱንጃይ ወረደና ኮፈኑን ሲከፍተው፣
የወር ደመወዙን የዋጠውን አየነው፤
ቀይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ወገቡ በብረት የታሰረ፣
ከሞተሩ ጎን ተሰክቶ ራቁቱን የቀረ።

«የፋብሪካው ሣጥን አፉ የመርፌ ቀዳዳ፣
ትንፋሽ በማንኪያ ሲሰፍርላት ኖረ፣ ልክ እንደ ዕዳ።
ነቅዬ ጣልኩላት፤ አሁን ትተንፍስ!
ድምጿን ሰማህ ኡስታ? በቅሎ ነበረች፣ ሆነች ፈረስ!»

ዱርሙሽ ሻዩን ፉት አለ፣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ፤
«የጮኸ ሁሉ አይሮጥም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
«ነፋስ ሰጠሃት፣ እሺ፤ ግን የትኛውን ነፋስ?
ራዲያተር የተፋውን፣ የጭስ ቧንቧ የጠበሰውን እስትንፋስ?
የጋለ አየር ሳስቷል፤ እንደ ቀጠነ ሾርባ፣
ሆድ ይነፋል እንጂ ጉልበት ሆኖ አይገባ።»

እኔን ተለማማጁን ጠራኝ፤ ሽቦና እርሳስ ሰጠኝ፣
«ቁጥሩን ብቻ ጻፍ፤ አስተያየትህን አቆይልኝ።»
የቴርሞሜትሩ ጫፍ ፊልትሮው ሥር ተወተፈ፤
ሰሌዳው በመስኮት ገብቶ ጭኔ ላይ አረፈ።

ውጭው አርባ አንድ ነው።
ድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ቀይ መብራት ላይ ቆምን፤
ሃምሳ ስምንት… ስልሳ አራት… ሰባ ሁለት ጻፍን።
አረንጓዴ ሲበራ ሞተሩ አገሣ፤
ጭልፊቱ ግን ከመሬት በስንት መከራ ተነሣ።
ሀብሐብ የጫነ ባለሦስት እግር ቀድሞን ሄደ፤
ሹፌሩ እጁን እያውለበለበ ወደ ገበያ ወረደ።

ከከተማ ወጥተን በመርሲን መንገድ ሰማንያ ስንነዳ፣
ቁጥሩ ወረደ፤ ስልሳ፣ ሃምሳ፣ አርባ አምስት። እንደ እንግዳ
ዝም ብሎ ተቀመጠ።
«አየህ? ስትሮጥ ትበርዳለች» አለና ቱንጃይ ሳቀ፤
እኔም ዝም አልኩ፤ ክርክሩ ከሁለት ተሰነጠቀ።

ዱርሙሽ ወረቀቴን አየ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«ለሚበር አያስፈልግም፤ ለሚቆም ያስፈልጋል» አለ።
«አዳና ውስጥ ግን ልጄ፣ ማነው የሚበረው?
የዕድሜያችን ግማሹ ቀይ መብራት ላይ ነው የሚያልቀው።»

ከጥግ አንድ ጣሳ አመጣ፣ የወይራ ዘይት የነበረበት፣
ወይራ የታቀፈች ገበሬ፣ እየሳቀች የተሣለችበት።
በመቀስ ዘረጋው፣ በመዶሻ አጠፈው፣
ጠርዙን በአሮጌ የበር ጎማ ከፈፈው፤
በፓራፋንጎው በኩል ለነፋስ መስኮት ተወለት፤
«ግድግዳ ብቻውን» አለ፣ «ምድጃ ነው፤ ዳቦ ጋግርበት።»

እንደገና ድልድዩ፣ እንደገና ቀዩ መብራት፤
ሰባ ሁለት የነበረው ቀረ በሃምሳ አራት።
ግን ሞተሩን ሳናጠፋ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ፣
ጣሳውም ግሎ አገኘነው፤ ስልሳ ሁለት፣ ቀስ በቀስ።
«ይዘገያል እንጂ አይቀርም» ብዬ ከቁጥሩ ጎን ጻፍኩ፤
አስተያየት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ።

«ያ ጥቁሩ ሣጥንስ?» አለ ቱንጃይ፣ ሊመሽ ሲል።
ዱርሙሽ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጥቂት ቆየ፤
«እሱማ አፍንጫው ከመብራቱ ጀርባ፣ ቀዝቃዛውን የለየ፣
ወፍራም ፕላስቲክ፣ ባለክዳን፤ ጋሻው ራሱ ነበር።
ድምፅ ብቻ ነው የሌለው። ዝም ያለን ማን ያከብር?»

ቱንጃይ ሊያመጣው ሄደ፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤
አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳ፣ ሣጥኑን እዚያ አየሁ።
እናቱ ጉልሱም አፈር ሞልታ ናና ተክላበት፣
ናናው በነፋስ መግቢያው ወጥቶ፣ ንብ አርፎበት።
ልጁ ጣቱን ሰደደ፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር።
«ተይው፣ እማ፤ እዚያው ይኑር።»

አሁንም በድልድዩ ያልፋል። ቀይ ሲበራ ይቆማል፤
ነዳጅ አይረግጥም፤ ክርኑን መስኮት ላይ ያሳርፋል።
ከኮፈኑ ሥር ገበሬዋ ወይራዋን እንደታቀፈች፣
ከጭሱ ቧንቧ ፊት ለፊት፣ እየሳቀች ትግላለች።