አራት መስመር

በርናቢ፣ ከአንድ መጋዘን፣ ሦስት ወር ሙሉ ቅርፊት ለጠፍኩ፤
ለዘንዶው ጀርባ፣ ለዘንዶው አንገት፣ ጣቴን በሙጫ እያጣበቅኩ።
ሺህ ሁለት መቶ ቅርፊት፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ ተረክቤ፣
አረንጓዴ ቀባሁት፤ የታዘዝኩት ነው፤ አልጨመርኩበት ከልቤ።
አለቃዬ ሎሬን የቀለሙን ናሙና ግድግዳው ላይ ሰክታ፣
«ከዚህ ዝንፍ እንዳትሉ» አለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ።

መጽሐፉን ግን አውቀዋለሁ።
ሁለት ክረምት፣ ማታ ማታ፣ ለልጄ ለምዕራፍ አንብቤዋለሁ።
(እዚህ ክረምቱ በጥር ነው።)
እንግሊዝኛውን እያየሁ፣ ባማርኛ እየገለበጥኩ፣
ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ እየሳልኩ፣ ጊዜ እየሰረቅኩ።

የዘንዶው ቀለም መጽሐፉ ላይ የለም፤
«አይተው የተመለሱ አይስማሙም» ይላል እንጂ አይናገርም።
ምዕራፍን ጠየቅኳት አንድ ማታ። አሰብ አደረገችና
«ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫን ሳደርገው የሚመጣው ነዋ!»

ፊልሙ ወጣ። ኅዳር፣ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ሲወርድ በገፍ፣
ከኖርዝ ቫንኩቨር በሲባሱ ተሻገርን፣ እኔና ምዕራፍ።
አዳራሹ ጨለመ። ዘንዶው ከተራራው ወጣ።
አረንጓዴ።
የኔ አረንጓዴ፤ የሙጫው ሽታ በአፍንጫዬ መጣ።
ሰዉ «ዋው!» አለ፤ ኩራት ቢጤ ደረቴን ነፋው።
ዞር ብዬ ልጄን ሳያት
ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትጫናለች፤
የራሷን ዘንዶ ትፈልጋለች።
«መጣልሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።
«አረንጓዴ ሆነ» አለች።

ሲያልቅ ስሞች በጥቁሩ ላይ ሽቅብ ጎረፉ፤
የፀጉር፣ የመብራት፣ የምግብ፣ የሾፌር፣ ተሰለፉ።
የኔም ነበር ከዚያ መሃል፣ በአንድ ፊደል ተሳስቶ፤
ሳላሳያት አመለጠ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጎትቶ።

ስንመለስ፣ ጀልባው ላይ፣ መስኮቱ በጭጋግ ታፍኖ፣
«አባዬ፣ አሮጊቷስ?» አለች፣ ድምጿ ቁጣ ሆኖ።
«የትኛዋ?»
«ታንኳ ቀዛፊዋ! ወንዙን የምታሻግር፣
ሒሳቧ አንድ ቃል የሆነ፣ የማትቀበል ብር።
የሰጧትን ቃል ሰዎቹ ዳግመኛ አይናገሩትም፤
ንጉሡ ‹እናቴ›ን ከፍሎ እናቱን መጥራት አልቻለም።
ለምን አወጧት?»

ምን ልበላት?
ጊዜ አጥሯቸው ነው አልኳት፤ ገንዘብ አልኳት፤
ስድስት መቶ ገጽ ሁለት ሰዓት ውስጥ አይገባም አልኳት።
«አንተ ግን አልዘለልካትም» አለች።
ከሥራ ደክሜ ስገባ ስንቱን ገጽ እንደዘለልኩ፣ አላወቀች።

ሌሊት፣ እሷ ስትተኛ፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩ፤
የአሮጊቷን ገጽ ፍለጋ ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩ።
ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አገኘኋት።
አራት መስመር ናት።
ወንዝ አለ። ሴት አለች። ሳንቲም ተቀብላ አሻገረች።
አለቀች።
ቃል የሚከፍል የለም። ንጉሥ የለም።

ያ ሁሉ ከየት መጣ?
ምናልባት እንቅልፍ ጥሎኝ ዓይኔ ከመስመሩ ወጣ።
ምናልባት ገጹ ደብዝዞብኝ አፌ ብቻውን ቀጠለ።
ወይ ደግሞ፣ አሁን ትዝ አለኝ፣
አንድ ማታ ያማርኛው ቃል ጠፋኝ፤
ጠፋኝ ማለት አፍሬ፣
አሮጊቷ ወሰደችው አልኩ።
እንግዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ እኔም ስቀባ ነበርኩ፣
ያለ ናሙና፣ ያለ ሎሬን።

ጠዋት ወተቷን ስትጠጣ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤
ቀደመችኝ፦ «ትናንት ጀልባው ላይ እኔም ከፈልኩ።»
«ምን?»
«ቃል።»
«የትኛውን?»
እንደ ሞኝ አየችኝ፤ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤
«ከፈልኩት እኮ አባዬ፤ አሁን የለኝም» አለች።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሳደርሳት መብራት ያዘን፣ ቀይ።
እኔ መጽሐፉን አስባለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና
በጣቷ ጫን አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ የሆነ ነገር ታያለች።
ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።
«አባዬ፣ ሂድ» አለች። «በራ።»
«ምኑ?»
ዝም አለች።
ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።