ማጣፊያው ሲያጥር

ስምን መልአክ ያወጣዋል፣ በእነሱም አገር ይሠራል፤
ክላይበር ማለት መራጊ ነው፣ ጭቃ አቡክቶ ቤት ያሳምራል።
ኤርቪን ክላይበር በኖይንኪርሸን፣ ከከሰል ማጠቢያው ጀርባ፣
በአንዲት ደሳሳ የቆርቆሮ ቤት፣ ሚዛኑን አቅፎ ገባ።
ምስማር በኪሎ መዘነ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ፤
ዱቤም ሰጠ ለከሰል ቆፋሪ፣ «ደመወዝ ሲወጣ» ብሎ።
ከጦርነት የተረፈ ቤት ሁሉ፣ ይለምን ነበር በር፤
ጣሪያው ወራጅ ይላል፣ ግንቡ ሲሚንቶና ጠጠር።
ምስማር ሲመቱት ይጠብቃል፤ ኤርቪንም እንዲያው ጠበቀ፤
አንዱ ሱቅ ሦስት ወለደ፤ ሦስቱም ሥር ሰደደ፣ ጸደቀ።
ሆምቡርግ፣ ሜርትሲሽ፣ ፎልክሊንገን፣ ሳንክት ቬንደል ድረስ፣
አሥራ አራት አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በርቶ የሚያድር ንጋት እስኪደርስ።

እኔ የገባሁት ዘግይቼ ነው፣ በሰባተኛው ቅርንጫፍ፤
ደረቴ ላይ ስም ለጠፉልኝ፣ አንድ ፊደል የጎደለው ጽሑፍ።
አገሬ ሳለሁ ቀለም ቆጠርኩ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በደብተር፤
እዚህም ቀለም አስቆጠሩኝ፣ በማሽን፣ በሊትር፣ በጠብታ ቁጥር።
«እንደ እናቴ ኩሽና ቢጫ» ይላል አንዱ በትዝታ፤
«ይህን ሰማያዊ» ትላለች አንዷ፣ የሟች ባሏን ሸሚዝ ዘርግታ።
ኮዚሞ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ከካላብሪያ የመጣ፤
የከተማው በር ሁሉ በእጁ፣ አንድም ምስጢር ያላወጣ።
ቅዳሜ አባት ከነልጁ፣
ጣውላ በትከሻ፣ ባልዲ በእጁ፤
ሰኞ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
«ፕላስተር አላችሁ?» ብሎ።

ኤርቪን ሞተ። ወንበሩን የእህቱ ልጅ ቮልፍራም ወረሰ፤
ያን ሚዛን ቢሮው ውስጥ ሰቀለ፣ መስታወትም አለበሰ።
ድንበር ተሻግሮ ሎሬን ከፈተ፣ አምስት ሱቅ በባንክ ብድር፤
«ያልተበደረ አያድግም» አለ፤ ዕዳው አደገ፣ ቆመ ከማገር።
ከአውራ ጎዳናው ማዶ ደግሞ፣ ሺህ መኪና የሚያቆም ግዙፍ፣
ምስማር በፕላስቲክ አሽጎ፣ አንድ ለጠየቀ መቶ የሚያሳቅፍ።
ደንበኛ እኛን ምክር ጠይቆ፣ ማዶ ሄዶ ይገዛል፤
ወይ ቆርቆሮውን ፎቶ አንሥቶ፣ እፊቴ ቆሞ በስልክ ያዛል።
ትርፍ ሲጎድል ሰው ቀነሱ፤ ሰው ሲጎድል ብርሃን ሳሳ፤
የአምፖል ሻጩ ሰሌዳ ጠፋ፤ አምፖል ቀያሪው ተነሣ።

ጥር ላይ ሰበሰቡን። ቮልፍራም ወረቀት አነበበ፤
ቃሉ ረጅም፣ ባቡር የሚያህል፣ ሦስቴ እየተሳበ።
በእኛ አፍ ሁለት ቃል ይበቃዋል፦
ማጣፊያው አጠረ።

ሃያ በመቶ ቅናሽ፤ አርባ፤ ሰባ፤ ሰው እንደ ሠርግ ጎረፈ፤
ዓመት ሙሉ ያላየነው ፊት፣ «ያሳዝናል» እያለ አተረፈ።
ዕቃው ሲያልቅ መደርደሪያው ተሸጠ፤ ቀጥሎ መሰላል፣ ጋሪ፤
የሠላሳ ዓመት ወንበሯ ሄደ፤ ኡርዙላ ቆመች፣ ገንዘብ ቆጣሪ።
ኮዚሞ መጨረሻ የቀረጸው፣ የራሳችንን ነው፣ የሱቁን በር፤
«ምን ሊከፍትልህ?» ብለው፣ «ይኑር» አለኝ፣ «ዝም ብሎ ይኑር»።

ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት ገባች፤
የኤርቪን ልጅ፣ ሃይድሩን ናት፤ በባዶው አዳራሽ ቆመች።
አንድ የነሐስ ማጠፊያ አገኘች፣ ከወለሉ ጥግ አንሥታ፤
«ለኩሽናዬ ቁም ሣጥን» አለች፤ ሰባ በመቶውን ረስታ
ሙሉ ዋጋውን ከፈለች።

ከረጢት አልነበረንም።
ከቀለም ማሽኑ ሥር የተነጠፈውን ጋዜጣ ቀድጄ፣
ሰማያዊ የተንጠባጠበበትን፣
ጠቀለልኩላት።

በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።
«ሁለት ነበር የምፈልገው።»
ተንበርክከን ፈለግን፣ ኡርዙላም፣ ኮዚሞም፣ እኔም፣
በስልክ መብራት፣ ወለሉን በመዳፋችን እየዳሰስን።

ያው አንድ ነበር።