ሁለት መስመር፣ አንድ ቦይ

ሻጩ ሰንጠረዡን ዴስኬ ላይ ዘርግቶ
«አሥር ጊጋ!» አለኝ ቁጥሩን በጣት ነክቶ።
ሌላው ከሰዓት መጣ፣ ክራቫቱን አስሮ፣
«የእኛ አይቆረጥም» ደረቱን ወጥሮ።
«ሁለቱንም ግዢ፤ አንዱ ቢተኛብሽ
ሌላው ነቅቶ ያድራል፤ ምንድነው ሥጋትሽ?»

ሥጋቴማ ሐምሌ ነው፤ ያ የቅዳሜ ገበያ፣
ሰርቨሩ ደህና ሳለ የጠፋው መሸጋገሪያ።
ጥሩዬ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ
መስኮቴ ሥር ቆማ ከደብተሯ ጋራ፣
«ሲስተም የለም» ስላት፣ «ወዴት ሄደ?» ያለችኝ።
ጀልባው ጥሏት ሄደ። እሷም እያየችኝ።

እናም ውል ሳልፈርም ማልጄ ወጣሁ በእግር፣
የጉድጓድ ክዳን ስቆጥር፣ ከዘንባባው ሥር
እስከ ዓባይ ድልድይ ዳር።
እዚያ ነው ልየው የቆመው፣ አካፋ ተደግፎ፤
አፈሩን ገለጠው በጫማው ጫፍ ገፎ፦
ብርቱካንማ ቱቦ፣ ሰማያዊ ቱቦ፣
የሁለት ሻጭ መስመር በአንድ ቦይ ተሰብስቦ።
«ሁለቱንም እኔው ነኝ የቀበርኩት፣ እታለም፤
ዶማ ሲያገኛቸው መርጦ አይመታም።»

ለካስ ሁለት እግሬን ልከት ነበር በአንድ ጫማ!

አንዱን ፋይበር ያዝኩ። ለሌላው ጎን ግን
ከቤዛዊት ኮረብታ በአየር የምትመጣውን፣
ቀርፋፋዋን ሬዲዮ፣ ዝናብ የሚያስነክሳትን።
ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ «ለዔሊ ትከፍያለሽ?»
«ዔሊዋ» አልኩት፣ «በሌላ መንገድ ነው የምትሄደው።»

ነሐሴ፣ ቅዳሜ። ዶማው ቦዩን አገኘው።
አረንጓዴው መብራት ወደ ቀይ ሲዞር አየሁ፤
ትንፋሼን ያዝኩ።
ጥሩዬ ብሯን ቆጠረች፣
«ዛሬስ ምነው ዘገየሽ» ብላኝ
ወደ ጀልባው ሮጠች።