የጣት ቆብ

ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ሳቢያንን ሳንለቅ ገና፣
ሚኒባሱ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ እንደ ሰፈር ዳኛ፦
«ዛሬ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቃል ያመለጠው፣
ለዚች ጣሳ አምስት ብር ነው የሚከፍለው።»
የዱቄት ወተት ጣሳ ናት፣ ክዳኗን በቢላ የቀደድኩት።

ደንገጎን ስንወጣ፣ ጥምዙ ላይ ሲኖትራክ ሲመጣብን፣
አሥራ አራት ሰው በአንድ አፍታ አምላኩን ጠራብን፤
በሶማልኛ፣ በአረብኛ፣ በዲንካ፣ በቻይንኛ፣
እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ «በስመ አብ!» አልኩ በአማርኛ።
ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት አፋፉ ላይ ደረሰ፤
ሾፌሩ ኢድሪስ ብቻ ዝም ብሎ ማርሹን መለሰ።
ሐረማያ ሳንደርስ ጣሳዋ ተንኳኳች፣ ከበደች፤
የመጀመሪያዋ ከፋይ መምህርቷ ነበረች።

ሐይቁ ጋ ዋይስ፣ የጅቡቲው፣ በመስኮት አሻግሮ፣
«ነበር ነው የምለው ወይስ አለ?» አለኝ ግንባሩን ቋጥሮ።
ደርቆ ለከረመ ውሃ፣ ቆይቶ መለስ ላለ፣
የሰዋስው መጽሐፌ ውስጥ የግስ ጊዜ የት አለ?
«ሁለቱንም በል» አልኩት።
ጻፈው።

ሐረር ገብተን ሁሉ ሲወርድ፣ ሊዩ አልነሳ አለ።
የባቡር ጣቢያው ሊዩ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ።
«ቲቸር፣ ሱሪዬ ተሰበረ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
የወንበሩ ሽቦ ነው፣ እስከ ጉልበቱ ተርትሮ።
ሱሪ ይቀደዳል እንጂ አይሰበርም፣ ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ዓይኑን አየሁና እርማቴን መልሼ ዋጥኩ።

ደብተሩን ከኋላው ይዞ፣ እኛ እንደ አጥር ከበብነው፤
ግንቡን፣ ሙዚየሙን ትተን መኪና ግርግር ወሰድነው።
ፕሮግራሜ ላይ አልነበረም ያ ቁልቁለት፣
የስፌት መኪና ሁሉ በአንድ ቋንቋ የሚያወራበት።

ቡሽራ፣ የሰንዓዋ፣ ነጠላ ሻሏን ሰጠችው፤ አገለደመ፤
ከመጋረጃው ጀርባ ባዶ እግሩን ቆመ።
ልብስ ሰፊው አው ረመዳን ጂንሱን ገለባብጠው አዩና፣
«መኪናው አይበሳውም» አሉ፣ መነጽራቸውን አቀኑና
ከመሳቢያ አንዲት ነገር አወጡ፤ የነሐስ፣ ነቁጥ በነቁጥ፣
የመሃል ጣታቸው ውስጧ ገባ፣ ልክክ አለ፣ ቁጭ።

«ቲቸር፣ ይህቺስ ምን ትባላለች?» አለች ኛንዴንግ።

ሰባት ዓመት ጠመኔ ፈጅቼ፣
መርፌ፣ ክር፣ መቀስ አስጠንቼ፣
ይህቺን አላውቃትም።
«አላውቅም» አልኩ። በአማርኛ። ማንም ጣሳውን አላነሳ።

ያኔ ነው ሕጉ የፈረሰ።
ቡሽራ «ኩስቱባን!» ስትል ሽማግሌው ቀና ብለው
ያንኑ የመሰለ ቃል መለሱላት፣ በሌላ ዜማ አዚመው።
ሊዩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ እጁን እያወራጨ፣
እናቴ ቀለበት ነው የምታደርገው፣ አለ፣ ጉልበቱን እየቧጨ፤
መጀመሪያ በቻይንኛ፣ ኋላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣
ከዚያ ዋይስ ጣቱን ቀስሮ፣ «የጣት ቆብ!» አለ፤ ሳቅንበት ሁላችን እኛ።
የተናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ስሟ በዚያው ጸና።

አው ረመዳን ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ጠየቁኝ፦
«ምንድነው የምታስተምሪያቸው?»
«እንግሊዝኛ።»
«ታዲያ አሁን ሲያወሩ የነበረው?»

ከጣሳዋ ከፈልን፤ ግማሹን መለሱልን።
በግማሹ ፈቲራ በልተን፣ ዳገቱ ጥግ ተደርድረን፣
ግንቡን ሳናየው መሸብን።

ሌሊት ድሬ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፤
ትክክለኛ ስሟን፣ ከነአነባበቡ፣ አገኘሁ።
በማግስቱ ልጽፈው ጠመኔ አንስቼ ዞር ስል፣
በየደብተሩ ኅዳግ ላይ ቆብ የደፋ ጣት ተስሏል፤
የኛንዴንግ ጣት ጺም አለው።

ቀኑን ብቻ ጻፍኩ ሰሌዳው ላይ።