ማን አስተማረሽ

ፍኖተ ሰላም ላይ ሰማይ ሳይገላለጥ፣
የበርበሬ ጆንያ ከጭነት ሳይገለበጥ፣
ከቀበሌው ጓሮ፣ ከዋንዛው ሥር ቆመን
አሥራ አራት ነፍስ ነን አየር ተሸክመን፤
እንደ ሙሉ እንስራ እቅፍ አድርገነው፣
ጠብ እንዳይል ብለን ቀስ የምናዞረው።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሲንጀር ስረግጥ ኖሬ ጉልበቶቼ ዛሉ።
ሐኪም ነው የላከኝ መጀመሪያ ነገር፤
ያስቀረኝ ግን ሌላ፣ እሱን ልናገር።

እዚህ ቤት ትምህርቱ ማኅተም የለውም፣
ምስክር ወረቀት፣ ደረሰኝ የለውም፤
እንደ ቅኔ ጉባኤ ሐረግ ግን አለው፣
ከማን ወደ ማን እንደወረደ ጣት የሚያስቆጥረው።

ሚስተር ሉ ይባላል፣ መንገድ ቀያሽ ነበር፤
ከቡሬ በታች ላይ በድንኳን የሚያድር።
ማለዳ ተነሥቶ ደመና ሲገፋ
ሾፌሩ ይርዳው መሪው ላይ ተደፋ፤
ሣቀ እስኪያነባ፤ «ጠበል ውሰዱት» አለ።
በሳምንቱ ግን ከጎኑ ተተከለ።

ቋንቋ አልነበራቸው። ይርዳው ሲጣደፍ፣
ክንዱን እንደ መጥረቢያ አየር ላይ ሲያሳርፍ፣
«ማን!» ይለዋል ሉ።
«ይርዳው!» ይላል እሱ።
«ማን!»
«ይርዳው አላምረው!»
«ማን፣ ማን!»
«የጅጋው ነኝ፣ ጌታዬ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ!»

በነሱ አፍ «ማን» ማለት «በቀስታ» እንደሆነ
የገባው ዘግይቶ ነው፤ መንገዱ አልቆ፣ የሉ ሻንጣ ከተጫነ።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ይህን የሰሙ ለት
(እሳቸውም አሉ፣ ከኋላ፣ መቋሚያ ይዘው፣
«ማኅሌት አይደለም፣ ማኅሌት አትበሉት፤
ለወገብ ነው» እያሉ)
ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ላላ፤
«ኅብር ናት» አሉን። «የሚሮጥ ሰውማ
ማን እንደሆነ መች ያውቃል?»

ሉ ጥሎት የሄደው አንድ ዘንግ ነው ርስቱ፣
ቀይና ነጭ ቀለም፣ ቁጥር አለው ፊቱ።
እኛ አገር ዱላ ከትከሻ ሲነሣ
ወይ ግንባር ነው መድረሻው፣ ወይ የጎረቤት እንስሳ፤
ይኼ ግን ጉዞው፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት፣
ሻይ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆ የሚታጠብበት።

ይርዳው ሲያስተምረን ነገሩ አጭር ነበር፦
«ጎማው ጭቃ ሲይዘው ነዳጅ አትጨምር፤
ክብደትህን ካንዱ እግር ለሌላው አውሰው፣
መንገዱ ራሱ ያወጣሃል፣ አንተ ሰው።»

እሱ ባረፈ ዓመት ዘንጉ ለትርንጎ ደረሰ፣
ለጤና ጣቢያዋ ነርስ፤ በኑዛዜ አይደለም፣ እጇ ስለታገሠ።
እሷ ናት አንድ ቀን፣ ሳታውቅ ይሁን አውቃ፣
ጓዴን ከደመላሽ ያቆመች አጠባብቃ።
ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት፣ ለአንድ ትልም መሬት፤
ላህ ወንዝ ዳር አንድ ጊዜ ገጀራም ወጥቶበት።
ከሌሎቻችን ትንፋሽ ጠፋ።
አንጓ አንጓን ነካ።
«አትግፋ» አለች። «አትሽሽም። ስማው።»

ምን እንደተሰማሙ አላውቅም፤ ያየሁት
የጓዴ ትከሻ፣ ከጆሮው ሥር የከረመው፣
ስፌቱ እንደተፈታ እጅጌ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው።
አልታረቁም። ታረቁ ብዬ አልዋሽም።
አንዱ በገበያው፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሄደ።
በማግስቱ ግን መጡ፤ ዘግይተው፤
ዋንዛውን በመሀል አድርገው ቆሙ።

እኔም ሱቄ ገብቼ ፔዳሉን ስረግጥ
እግሬ እንደ ድሮው ነገር አያሳድድም፤
መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ጨርቁም አይሸሽም።
የጎረቤቴ ልጅ፣ ጥያቄ የማያልቅባት፣
መቀስ እያቀበለች
«እትዬ፣ እንዲህ መስፋት ማን አስተማረሽ?» ትለኛለች።
«አዎ» እላታለሁ።
«ማን አስተማረኝ።»